ፒቶሬስክ የተባለው የጎረቤቴ ቤት

ቅናት ሰውን ያከሳል ይላሉ። እኔ አላከሳኝም፤ ግን እንቅልፌን ወሰደው። ያውም የቀናሁት በባለሀብት አይደለም፤ በአንድ ሽማግሌ ከሰል ሻጭና በተጣመመ ቤቱ ነው።

በዚህች የባቡሩ መጨረሻ በሆነች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ በሚያጋጭ ጠባብ መንገድ ማዶ ነው የሚኖረው። የድሬዳዋ ልጅ ነው። እሱም እኔም በአሮጌው ባቡር መጥተን እዚሁ የቀረን ነን። እሱ ከሰል ይሸጣል፣ እኔ ቤት እቀባለሁ። ቀቢ ስለሆንኩ የራሴን ቤት አሳፍሬው አላውቅም። ፋሲካ ሲደርስ የተላጠውን እፍቃለሁ፣ የተሰነጠቀውን በስቱኮ እሞላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ደግሜ እቀባለሁ። የባሕሩ ጨው ዓመት ሳይሞላ ይልጠዋል። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እንደገና እቀባለሁ።

የእሱ ቤት ሳንቃ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ሰማያዊ ቀብቶት ነበር፤ ግማሹ ረግፏል፣ ግማሹ በከሰል ጠቁሯል። ሳንቃው ሲቀደድ የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ በምስማር ይመታበታል። ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ ከዝናብ ጋር በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በሩ ከሥሩ በስብሶ ስለተበላ የጎረቤት ፍየል ጭንቅላቷን አስገብታ ሲበላ ታየዋለች።

«ና ልቀባልህ እንጂ» ስለው፣ «አቦ ተወኝ! ከሰል የሚሸጥ ሰው ነጭ ቤት ምን ይሠራለታል?» ነበር መልሱ።

የአዲሱ ባቡር ሐዲድ እየተዘረጋ በነበረበት ጊዜ ነው፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ፈረንጅ በመንገዳችን መጣች። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። መሐል መንገድ ላይ ቆማ አየች። ልቤ ዘለለ። ቤቴን ቀብቼ የጨረስኩት በዚያው ሰሞን ነበር፤ ከላይ ክሬም፣ ከታች ቡናማ። ቀለሙ ገና ይሸታል። «ማዳም» ብዬ አፌን ስከፍት ዞረችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። የምታየው ማዶውን ነው።

«ፒቶሬስክ!» አለች። አልበቃትም፣ ደገመችው።

ከዚያ ጥላ ፈለገች። ጠዋት ጥላ የሚገኘው በእኛ በኩል ነው። ሚስቴ በርጩማ አወጣችላት፣ ውሃ ቀዳችላት። ሴትዮዋ የእኔን ግድግዳ ተደገፈች፣ ወረቀትና የውሃ ቀለም አወጣች፣ የእሱን ቤት ትስል ጀመር። አዲስ የተቀባ ግድግዳ በጀርባዋ ተደግፋ! ከሰል ሻጩ ከጆንያዎቹ መሐል ብቅ አለ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈና በሩ ላይ እንደ ሙሽራ ቆመ።

ወደ አገሯ ሳትመለስ የተጨረሰውን ሥዕል ልታመጣለት ቃል ገብታ ሄደች። ለገበያ የሚሆን ፈረንሳይኛ ሁለታችንም አለን፤ ያቺን ቃል ግን ሁለታችንም አናውቃትም ነበር። ሳያውቃት እንደ ሹመት ያዛት። ከሰል ሊገዛ የመጣውን ሁሉ፣ «የኔ ቤት ፒቶሬስክ ነው» ይል ጀመር። እኔን ደግሞ ማለዳ በሬን ስከፍት ጠብቆ፣ «እንዴት አደርክ ጎረቤት? ያንተን ቤት እስካሁን ምንም ያለው የለም?» ይለኛል።

እኔ ነገር መሸፋፈን አላውቅም። ትርጉሙን ሳላውቅ ቃሉን ለራሴ ግድግዳ ተመኘሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ቀብቻለሁ፤ ቆሞ አይቶ አንዲት ቃል የጣለልኝ የለም። ሰው ቀቢን የሚያስታውሰው ቀለሙ ሲላጥ ነው።

የእህቴ ልጅ ፈረንሳዮች ቤት ትሠራለች፣ አዳሯም እዚያው ነው። አርብ አርብ እኛ ጋ ትመጣለች። ስትመጣ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ በአንድ ቃል አልችለውም» አለች። «ማዳሜ መቼ መቼ እንደምትለው ልንገርዎት። ባሕር ዳር የተገለበጠ የተሰባበረ ጀልባ ስታይ ትላለች። ቡላኦስ ሰፈር ጫት የሚሸጡት ሴቶች ጫታቸውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ተደርድረው ሲቀመጡ ትላለች። አህያ መንገድ ዘግታ ሾፌሩ ሲሳደብ፣ ‹ፒቶሬስክ› ትላለች።»

«ታዲያ ቆንጆ ማለት ነዋ።»

«ለቆንጆማ ሌላ ቃል አላቸው። ይሄ ለሥዕል የሚሆን ማለት መሰለኝ።»

«ስለ ራሷ ቤት ትላለች?»

ሳቋ አመለጣት። «የእኛ ቧንቧ ሲፈነዳ ፒቶሬስክ ብላ አታውቅም፤ ቶሎ ሠራተኛ ጥሪ ነው የምትለኝ።»

ነገሩ ገባኝ። እኛ የሚያምረውን ያምራል፣ የሚያስጠላውን ያስጠላል እንላለን። ውስጡ የሚኖረውን እያስቸገረ በደጁ የሚያልፈውን ደስ የሚያሰኝ ነገር ምን እንደሚባል እኔ በአማርኛ አላውቅም። ምናልባት አላፊ ስላልሆንን ይሆናል። ቢገባኝም ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ እንዲያውም ባሰ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ያንን ቃል ከየሰው ግድግዳ ላይ ስፍቅ ነው!

ጥቂት ሰንብቶ ከሰል ሻጩ እየሮጠ መጣ። ፈረንጇ ገበያ አግኝታው፣ አርብ ከባሏ ጋር እመጣለሁ ብላዋለች።

«ቤቴን ቀባልኝ» አለኝ።

«ምነው ዛሬ?»

«እንግዳ እየመጣ? ያውም ባሏን ይዛ? ነውር አይደለም እንዴ!»

እኛ እንዲህ ነን። እንግዳ ሲባል ኖራ መበጥበጥ ነው። የእኔም እንጀራ የተጋገረው በዚሁ ነው። ይሁንና እውነቱን ነገርኩት።

«አትቀባ። ሴትዮዋ የወደደችው ዝገቱንና የበሰበሰውን በር ነው። ከቀባኸው ቤቱ ይጠፋባታል።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አቦ! ቅናትህ እዚህ ድረስ ነው? ዝገት የሚወድ ሰው የት አይተሃል? ቤቴ እንዳያምርብህ ነው እንጂ!»

ሚስቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ሰውየው እውነቱን ነው፣ ቀንተሃል» አለች።

እውነት ተናግሬ ቀናተኛ ተባልኩ። ቀናተኛም ነበርኩ። በምን ልከራከር?

«በል እቀባዋለሁ» አልኩት፣ «ኋላ አልነገርከኝም እንዳትል።»

ለይስሙላ ብቻ ልነካካው አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ እጄ ከእኔ ይብሳል። ሰማያዊውን ስፍቀው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየረገፈ እግሬን ሸፈነው። ቆርቆሮውን ነቅዬ ሳንቃ ለወጥኩ፣ የበሩን ሥር ቆርጬ አዲስ ቀጠልኩ፣ ነጭ ቀባሁት፣ መቃኑንና መስኮቱን አረንጓዴ አደረግሁ። ጨርሼ ወደ ኋላ ሸሽቼ ሳየው ቀናሁ። የራሴ ሥራ ነው፣ የቆመው ግን በእሱ ቤት ላይ ነው።

አርብ ፈረንጇ ከባሏ ጋር መጣች። ቤቱን አልፋው ሄደች። እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዳ ግራ ገብቷት ስትመለስ ከሰል ሻጩን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲያጨበጭብ አየችው። ከዚያ ግድግዳውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዶማዥ» አለችው ለባሏ፣ ቀስ ብላ። ያቺን እንኳ አውቃታለሁ። ቀለም ሻጩ የምፈልገው ቀለም ሲያልቅበት እያዘነ የሚላት ናት። ሥዕሉን ሰጠችው፣ የቀረበላትን ለስላሳ ጠጣች፣ ተሰናብታ ሄደች። ግድግዳውን ዳግም ዞራ አላየችውም።

ቀናተኛ ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዶማዥ የተባለው የእኔ ሥራ ነዋ።

«ምን ሆነች?» አለኝ ከሰል ሻጩ።

«አዘነች። ነግሬህ ነበር።»

ሥዕሉን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። «አቦ፣ የራሷ ጉዳይ! ያ የበረሃ ነፋስ፣ ከምሲኑ ሲነፍስ በዚያ ቀዳዳ አቧራ እየበላሁ የምተኛው እኔ ነኝ፣ እሷ ናት?» አለና ሥዕሉን ውስጥ ሰቀለው። ጠርቶ አሳየኝ። ዝገቱ እንደ ምሽት ፀሐይ ቀልቷል፤ ያ ቤት እንደዚያ ያምር ኖሯል? ከታች በኩል በሰማያዊ ቀለም የተሳለ ጥላ አለ። የእኔ ጣሪያ ጥላ ነው።

«ይኸው፣ አንተም አለህበት» አለኝ ጥላውን በጣቱ እያሳየ፣ «እግሬ ሥር ተነጥፈህ።»

አሁን ከሰል የሚገዙት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ቤት ነው!» ይሉታል። እሱም ራሱ የቀባው ይመስል አንገቱን ይሰብራል። ሚስቴ ደግሞ፣ «ለሰው እንዲህ መቀባት እያወቅህ ለእኛ ምን ነካህ?» ትለኛለች። ውስጡ ፒቶሬስክ፣ ውጪው ቆንጆ፤ ሁለቱንም ወሰደ።

የእኔ ግድግዳ ላይ የቀረው ፈረንጇ የተደገፈችበት ቦታ ነው። የጀርባዋ ላብ ይዞት ከአካባቢው ጠቆር ብሏል። ፋሲካ ሲደርስ ዙሪያውን ቀባሁና ያንን ተውኩት።

«ሰውዬ፣ ይሄን ረሳኸው?» አለች ሚስቴ።

«ይቆይ።»

«ምን ሊሠራልህ?»

ብሩሼን ማጠብ ያዝኩ። ጎረቤቴ ግን ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ቆመ። አዲስ በተቀባው ግድግዳዬ መሐል የቀረችውን ጠቆር ያለች ቦታ አየ፣ እኔን አየ።

«ፒቶሬስክ!» አለኝና ሄደ።

ያው ከሰል ሻጭ ነው ያለው። ከሰል ሻጭ ስለ ግድግዳ ምን ያውቃል!