የሙሉካ ግራ ዓይን

ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ ያለቅሳል እንዴ? ይህን ሮቤ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቅ ኖሮ ሙሉካ ያን ሁሉ ዓመት ባልተንገበገበች። ጨርቅ ነጋዴ ናት። ባሏ ሻፊ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ይዛለች። ግራ ዓይኗ ደግሞ ገና ኢዳዋን፣ የባል ሐዘን ወራቷን፣ ሳትጨርስ ጀምሮ ውሃ ያፈሳል። ቀኙ ደረቅ ነው፤ ግን ማን ልብ ብሎ አየ? ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጦ «ሶብር አድርጊ፣ ቻይው» ይላታል። በአማርኛ ያልበቃው በኦሮምኛ «ኦብሲ» ብሎ ይደግምላታል። በዋጋ ሲከራከራት የቆየ ደንበኛ ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ክርክሩን ትቶ ያለችውን ይከፍላል። ያኔ ለማኝ የሆነች ይመስላትና ደሟ ይፈላል።

ጤና ጣቢያ ሄዳ «ዓይኔ ያለቅሳል» አለች። ጉድ ያመጣው ይህ ቃል ነው። የተቀበላት ባለሙያ ዓይኗን ትቶ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አላት። ባሏ መሞቱን ሲሰማ ነገሩ አለቀ። ቅባት ሰጥቶ፣ ሐዘኑን እንድትረሳ መክሮ ሸኛት።

«ዓይኔ ነው ያልኩት፤ እኔ መቼ አለቀስኩ?» ብትለው ማን ሰምቷት።

ውሎ አድሮ ከአፍንጫዋ አጠገብ አብጦ ይጠዘጥዛት ጀመር። ጎረቤቷ መምህርት ወሰንየለሽ እየጎተተች ጎባ ሆስፒታል ወሰደቻት። እዚያ ዶክተር ክብሩ የሚባል ሐኪም እብጠቱን በጣቱ ጫን ሲያደርገው መግሉ በዓይኗ ጥግ ብቅ አለ።

«እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቱቦ አለ፤ ያንቺ ተደፍኗል» አላት። «መውረጃ ሲያጣ በላይ ይፈሳል። በቀዶ ሕክምና አጥንቱን ከፈት አድርገን ወደ አፍንጫሽ ሌላ መንገድ እናወጣለታለን። ዝም ከተባለ ግን መግሉ ለዓይንሽም ያሰጋል።»

ሙሉካ ቢላዋውን መፍራቱን እንኳ ረሳች። ዓይኗን ያየ እንጂ እሷን ያልመከረ ሰው አገኘች።

አስታማሚ ይዘሽ ነይ ስለተባለች የባሏን ታላቅ ወንድም ኦቦ ጀሊልን ለመነችው። «ለሐዘን ደግሞ ፊት ይቀደዳል? አንቺ የሚያስፈልግሽ ሶብር ነው» ብሎ እምቢ አላት።

«እንግዲያው ሶብሩን ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ» ብላው ከወሰንየለሽ ጋር ሄደች።

ከአፍንጫዋ ጎን ትንሽ ተቀድዳ ተሰፋች። አዲሱ መንገድ እንዳይዘጋ ቀጭን የጎማ ቱቦ ውስጡ ተደርጎላት ሰነበተች። ቱቦው ከወጣ በኋላ የሮቤ ነፋስ ፊቷን ቢገርፋት እንኳ ግራ ዓይኗ ጠብ አላለም። ሱቋን ከፍታ ቀና ብላ መሸጥ ጀመረች።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኦቦ ጀሊል ሱቁ በር ላይ ቆሞ ፊቷን መረመረ።

«ዓይንሽ ደርቋል» አላት። «በቃ፣ ወንድሜን ረሳሽው ማለት ነው።»

ሙሉካ የምትለካበትን ሜትር አስቀመጠች።

«ያን ሁሉ ዓመት ያያችሁት የተደፈነ ቱቦ ነው» አለችው። «እኔ ለሻፊ ያለቀስኩት ቤቴን ዘግቼ ነው። ያንን ከእናንተ ማንም አላየም።»

በንዴት እንባዋ መጣ፤ በግራም በቀኝም እኩል መጣ። ኦቦ ጀሊል እጁን አንስቶ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«ሶብር እንዳይሉኝ። አሁን የማለቅሰው እኔ ነኝ።»