ከመብራቱ የቀደመው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ጆሮዬን ልመረመር እዚሁ አዳማ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወጣቷ ባለሙያ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። «ድምፅ ሲሰሙ ይህችን ቁልፍ ይጫኑ» ብላ በሩን ዘጋችው። የውጭው የባጃጅ ጩኸት በአንዴ ጠፋ። የሞቀ ጎማ ሸተተኝ፣ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከትንሿ መስታወት ባሻገር የልጅቷ ጣት ቁልፎቹ ላይ ሲሄድ አየሁ። መጣ አልመጣ እያልኩ ድምፁን ስጠብቅ፣ ገና ምንም ሳልሰማ ቁልፏን ደጋግሜ ተጫንኩ። ልጅቷ በሩን ከፍታ «አመመዎት እንዴ፣ እናቴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ሩሲያ ልኮ ቋንቋ አስተምሮኝ ስመለስ፣ ደብረ ዘይት ባለ የጄት አብራሪዎች ማሰልጠኛ አስተርጓሚ ሆኜ ተመደብኩ። የናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ ልጅ ነኝ፣ የባቡር ጣቢያ ሰፈር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ቤቴ እመጣለሁ፣ እሁድ እመለሳለሁ። የሰፈሩ ሰው ሰማይ ላይ የምውል ይመስለው ነበር። እኔ የምውለው ግን መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ ነው። መሀሉ ላይ የጄት አፍንጫና የአብራሪው መቀመጫ ብቻ ብረት ላይ ተቀምጧል፤ ክንፍ የለው፣ ጅራት የለው። ዛሬ ሲሙሌተር ይሉታል፤ እኛ «ሣጥኑ» ነበር የምንለው። ዕጩ አብራሪው ገብቶ ክዳኑ ሲዘጋበት ፊቱ ካሉት የመለኪያ መርፌዎችና መብራቶች በቀር ምንም አያይም። የሞተር ድምፅ ይለቀቅለታል። ሩሲያዊው አስተማሪ ውጭ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከጎኑ። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ካርታ አንዲት ብዕር በራሷ እየተንቀሳቀሰች አውሮፕላኑ ሄደበት የተባለውን መንገድ በቀይ ታሰምራለች።

አስተማሪው ሳይታሰብ አንድ ቁልፍ ይጫንና ብልሽት ይፈጥራል። ሣጥኑ ውስጥ መብራት ይበራል። አስተማሪው ብልሽቱን በሩሲያኛ ይናገራል፣ እኔ በማይክሮፎን በአማርኛ እላለሁ፣ ልጁ ማድረግ ያለበትን ያደርጋል። የልጁን ፍጥነት የሚለካው ሰዓት ግን የሚጀምረው ከአስተማሪው አፍ ነበር፣ ከእኔ አይደለም። ይህንን ያስተዋልኩት በአቦምሳው ልጅ የተነሳ ነው።

እንዲህ ነበር የምንጠራው፣ የአቦምሳው ልጅ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን። ቤቱ ኦሮምኛ ተናግሮ ያደገ፣ አማርኛን ተማሪ ቤት የለመደ ነው፤ አማርኛው ጥንቅቅ ያለ፣ እንደ መጽሐፍ። ሩሲያኛው ግን አልገባለት አለ። ሌሎቹ የአስተማሪውን ቃል ከአፉ ሲወጣ እየያዙ እኔን ሳይጠብቁ ይሠሩ ነበር። እሱ እኔን ይጠብቃል። የበረራ መስመር አያያዙ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ ስሙ አጠገብ «ዘገምተኛ» ተብሎ ይጻፍበት ጀመር።

መዘግየቱ የእኔ ነው ብዬ ለአስተማሪው ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሚስቱ ደብዳቤ እየጻፈ ስለ ሐይቆቻችን ቀለም የሚጠይቀኝ ሰው ነበር። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝና፣ እሳቱ ሲነሳ አስተርጓሚ የሚጠብቀው የለም፣ መብራቱን ማመን ይልመድ አለኝ። የኮርሱ ኃላፊ ወደሆኑት ሻለቃ ሄድኩ። እሳቸውም ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ተርጉሚ፣ ሥራሽ እሱ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ላስተምረው ወሰንኩ። ቅዳሜ አብረን በአንድ አውቶቡስ እንሳፈር ነበር፤ ናዝሬት ገበያ አጠገብ የመቂ ሽንኩርት የሚሸጡ አክስት አሉት፣ አዳዳ ነው የሚላቸው። የሩሲያኛውን ትዕዛዝ በእኛ ፊደል ጽፌ ሰጠሁት። እሳት፣ ፓዣር። ግፊት እየወረደ ነው፣ ፓዳየት ዳቭሌኒዬ። ተሳሳትኩ፣ ያ ኦሺብስያ። በሞጆ የቆዳ ሽታ ስናልፍ አፍንጫውን ይዞ ያነበንባል፣ እኔ አርማለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉም ይጠፋበታል። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ልንወርድ ስንል፣ ክዳኑ ሲዘጋ ከዓለሙ ሁሉ የሚቀረው የእኔ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

የማጣሪያው ፈተና ደረሰ። ያለፈው ወደ እውነተኛው አውሮፕላን ይሄዳል፣ የወደቀው ከማሰልጠኛው ይወጣል። ያን ቀን ጠዋት ያየኋቸው አራት ልጆች ሁሉ የተፈተኑት በሞተር እሳት ነበር። የእሱ ተራ ሲደርስ እኔ ከአስተማሪው እኩል ልናገር፣ ያቺን ሁለት ሦስት ሴኮንድ ላተርፍለት ቆርጬ ነበር። ብዕሯ ከደብረ ዘይት ተነስታ ወደ ዝቋላ ቀጥ ብላ እየሄደች ነው። የአስተማሪው እጅ ወደ ቁልፎቹ ሄደ። አፉን ከፈተ። «ፓ…» ሲል ሰማሁ።

«እሳት!» አልኩ። «ሞተር ዝጋ!»

አስተማሪው ቃሉን ሲጨርስ ግን ፓዣር አልነበረም። ፓዳየት ዳቭሌኒዬ ነበር። ግፊት እየወረደ ነው።

የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ያ አዳራሽ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ የማቀዝቀዣው ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ማይክሮፎኑን ይዤ አይደለም ለማለት ዘገየሁ። የከፍታው መርፌ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ዜሮ ላይ ተኛ። ብዕሯ ዝቋላ ሳትደርስ ቆመች።

ክዳኑ ሲከፈት ልጁ በላብ ተነክሮ ነበር። አስተማሪው ምንም ያልተበላሸ ሞተር ለምን እንደዘጋ ጠየቀው። ልተረጉም አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ያ ኦሺብስያ» አለ። ተሳሳትኩ። ሣጥኑ አጠገብ አንድም ሳይሳሳት የተናገረው ሩሲያኛ እሱ ብቻ ነበር።

ያኔውኑ ለአስተማሪው ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ እሳት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ ሰምቼሻለሁ» አለኝ። «የእሳቱ መብራት ግን አልበራም። የበራው የግፊቱ ቢጫ ነው። አየር ላይ ቢሆን ኖሮ አንቺን አምኖ ይሞት ነበር።»

በማግስቱ ይህንኑ ጽፌ ለሻለቃው ወሰድኩ። አነበቡትና አጥፈው መለሱልኝ። «አሻጥር ቢሉሽ ማን ያድንሻል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ትታሰሪያለሽ፣ እሱ ግን አይመለስም።» ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትለዋ ቃል ምን እንደምታደርግ የኖረበት ያውቃል። ቢሆንም እላለሁ አንዳንዴ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ብወጣስ ኖሮ።

ልጁ ወደ ምድር ጦር ተዛወረ፣ ወደ ሰሜን ግንባር። ከመሄዱ በፊት አክስቱን ሊሰናበት ናዝሬት ሲመጣ አውቶቡስ ተራ ጠበቅሁት። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። እሱ ነው ያጽናናኝ።

«መብራቱን አይቼው ነበር» አለኝ። «ቢጫ ነበር። አንቺ ግን እሳት አልሽ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። የሆነውን ነው የነገረኝ። ከዚያ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ፈገግ አለና ሄደ።

ለአክስቱ ምን እንደነገራቸው የገባኝ ከወር በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት አሸክመው ቤታችን መጡ። ልጁ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጣ በየሶላታቸው ዱዓ ሲያደርጉ ኖረው፣ ያወረደችው አስተርጓሚዋ ናት ብሎ ነግሯቸዋል። አስቤበት ያዳንኩት መስሏቸዋል። «ገለቶሚ፣ ልጄ» እያሉ እጄን ሳሙ። «መሬት ላይ ነው ያለው፣ ደህና ነው።» እናቴ ፊት ምን ልበል? ጆንያውን ተቀብዬ ጓዳ አስገባሁ። ሽንኩርቱን ወር ሙሉ በላነው።

ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ለአክስቱ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛው አልመጣም። ከእኔ ጋር ከነበሩት ዕጩዎች አብራሪ ሆነው ያልተመለሱም አሉ፤ ቢያልፍ ኖሮ ይኖር ነበር ብዬ እንኳ መጸጸት አልቻልኩም።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን ወታደሮቹ እግራቸው አብጦ፣ በተቀዳደደ ልብስ፣ በየመኪናው ናዝሬት ይገቡ ነበር። አክስቱ ሽንኩርታቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው አውቶቡስ ተራ ካለ አግዳሚ ላይ መዋል ጀመሩ። እኔም ያኔ ናዝሬት ተመልሼ ተቀጥሬ ነበርና ከሥራ ስወጣ እዚያው እሄዳለሁ። የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን እናያለን። አንዳንዶቹ እነሱን የምንፈልግ መስሏቸው ቆመው ያዩናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቱ ዞር ብለው፣ ለመሆኑ ያን ቀን እዚያ ነገር ውስጥ ምን ብለሽው ነው የወረደልኝ አሉኝ። ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢጫውን መብራትም፣ የታጠፈውን ወረቀትም። ያመጡልንን ሽንኩርት ሳይገባኝ እንደበላሁትም እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። ይነሳሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲህ እስኪመጣ አብረሽኝ ጠብቂ» አሉኝ።

ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ አቧራውን እያስነሳ ገባ። እጄን ይዘው ተነሱ፣ በሩ አጠገብ ሄደን ቆምን። ሰዉ አንድ በአንድ ወርዶ አለቀ፣ ሾፌሩም ወረደ። አክስቱ ደረጃውን ወጥተው የኋላውን መቀመጫ ሁሉ አይተው እስኪመለሱ ታች ሆኜ ጠበቅኋቸው።