ከፍልሰታ በፊት ወደ ሐይቆቹ

ሓየሎም ጎልፍን የተዋወቀው ኳስ ሲለቅም ነው። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የጎልፍ ሜዳ ቀጠረው። ሥራው ሰዎች ለልምምድ የሚመቱትን ኳስ፣ ዙሪያዋን በሽቦ በታጠረች ትንሽ መኪና እየዞረ መሰብሰብ ነበር። መቺዎቹ መኪናዋን ሲያዩ ሰፊውን ሜዳ ይተዉና እሷን ያልማሉ። ኳሱ ሽቦው ላይ ሲጮህ ከማዶ ሳቅ ይሰማል። አብሮት የሚሠራው ጣሰው የደሴ ልጅ ነው። አንድ ቀን አንገቱን ቀብሮ፣ «እኛ ነን እንዴ ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ?» አለ። ሓየሎም ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ሳይስቅ እንደኖረ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን ዱላዎች ይዘው፣ አመሻሽ ላይ ሰው ሲመናመን ሁለቱም መምታት ጀመሩ። ሥራውን ከተዉ በኋላም ጨዋታው አልተዋቸውም። ጣሰው በአየር ማረፊያው አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሓየሎም ታክሲ ያሽከረክራል። በሳምንት አንድ ቀን ዱላቸውን ተሸክመው ይገናኛሉ። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያሉት የአገራቸው ሰዎች ግን ይስቁባቸዋል። «ሁለት ሐበሻ ዱላ ይዞ ሳር ለሳር ሲሄድ ያየ ሰው ምን ይላል? ከብት ጠፍቶባቸው ነዋ» ይላሉ።

ወደ ሰሜን ሐይቆች የመሄዱን ነገር ያመጣው ጣሰው ነው። የጎልፍ ሻንጣ የያዘ አንድ ተሳፋሪ ስለ ሰሜን ሚኒሶታ አውርቶለት፣ ነገሩ ልቡ ውስጥ ቀረ። ጥዱ ከሐይቁ፣ ሐይቁ ከሜዳው የተያያዘበት፣ ኳስህ ከሳተች ዓሣ የሚበላት አገር ነው ይላል። ጣሰው ዕረፍት የሚባለውን ሁሉ በሰው ሰርግ፣ በሰው ክርስትናና በሰው ለቅሶ የጨረሰ ሰው ነው። ሲያትል ለሰርግ፣ ዳላስ ለለቅሶ ሄዷል። ለራሱ ብሎ የትም ሄዶ አያውቅም። ሦስት ክረምት ሙሉ፣ በረዶው ሜዳውን በዘጋው ቁጥር፣ እሱ ስልኩ ላይ ካርታ ዘርግቶ ነብራስካን ያቋርጣል፤ አዮዋን ይወጣል።

አስቸጋሪው ቀን መቁረጡ ነበር። ጣሰው ጾም አይገድፍም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ ነሐሴ አንድ ብሎ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በሁለቱ ጾሞች መሃል የተረፈችው ሐምሌ ብቻ ናት።

«ቀን የምትቆርጠው ለጎልፉ ነው ለበጉ?» አለው ሓየሎም።

«ለሁለቱም። ሐይቅ ዳር ድረስ ሄጄ ሽሮ አልልስም። ሥጋ እጠብሳለሁ፤ ጭሱ ለፈረንጆቹ እስኪደርስ።»

«በኋላ እሳት ተነሣ ብለው ፖሊስ ይጠሩብሃል።»

«ይጥሩ። ለእነሱም አጎርሳለሁ።»

በመጨረሻ የሐምሌን የማብቂያ ሳምንት ያዙ። ጣሰው ሐይቁ ዳር ያለች የእንጨት ቤት አስቀድሞ ተከራየ፤ በየሜዳው የሚጫወቱበትን ሰዓትም ያዘ። ሐሙስ ጠዋት በሓየሎም መኪና ሊነሱ ተስማሙ።

ሰኞ ዕለት የጣሰው ሚስት እንቁ ሓየሎም ዘንድ ደወለች።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«እትዬ አፀደ ዐረፉ።»

አፀደ የጣሰው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ሳታገባ ቀርታ ወንድሞቿን አሳደገች። ጣሰው በየእሑዱ ይደውልላታል። ባለፉት ሳምንታት ግን ስልኩን የሚያነሱት ሌሎች ነበሩ። ተኝታለች፣ ጠበል ሄዳለች፣ ደህና ናት ይሉታል።

«ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሙ አደራ ብሎኛል» አለች እንቁ። «በስልክ እንዳይሰማ። ደም ግፊቱን ታውቃለህ። ጋሽ መኮንን ጋር ዛሬውኑ ና።»

ጋሽ መኮንን የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ኦሮራ ውስጥ ያላረዱት መርዶ የለም። ሓየሎም ሲደርስ ነገሩን ጨርሰውት ነበር።

«ቅዳሜ ንጋት ላይ ይነገረዋል» አሉ። «የወንድሙ ልጅ ኪሩቤል ዓርብ ማታ ከሲያትል ይገባል። የሥጋ ዘመድ ሳይኖር መርዶ አይነገርም።»

«ጋሼ፣ ሐሙስ እኮ ልንሄድ ነው።»

«አንተን የጠራንህ ለዚሁ ነው። አስቀረው። አሞኛል በለው።»

«ለምን ነገ ጠዋት አንነግረውም? እርስዎ፣ እኔ፣ እንቁም አለች።»

«ሦስት ሰው ሆነን? ዘመድ የሌለው ይመስል?» ጋሽ መኮንን አዘኑበት። «ማክሰኞ ዕለት ማን ከሥራው ይቀራል? ይኼ አሜሪካ ነው፣ የኔ ወንድም። እዚህ ሞትም ቅዳሜን ይጠብቃል።»

ሓየሎም ተሰናብቶ ወጣ። መልስ ግን ነበረው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ጦርነቱ ሲነሣ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ በአውቶቡስ አሥመራ የተሸኘ ሰው ነው። አባቱ በሕመማቸው ምክንያት አዲስ አበባ ቀሩ። ስልኩ ተቆረጠ፤ መንገዱ ተዘጋ። በናይሮቢ በኩል በሚያልፍ ሰው ሁሉ ሰላምታ ይልክላቸው ነበር፤ ደህና ናቸው የሚል መልስም ይመጣለት ነበር። አባትየው ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር። ዘመዶቹ እስኪረጋጋ ብለው ነው የደበቁት። ሓየሎም ከሞታቸው ይልቅ ያ ዓመት ቆጨው፤ ለሬሳ ሰላም በሉልኝ ሲል ዝም ብለው የሰሙትን ሰዎች ዓይን ማየት አቃተው። ይህን ለጣሰው አንድ ጊዜ፣ በዚያች የሽቦ መኪና ውስጥ ሆኖ ነግሮታል። ጣሰውም ፊቱን አዙሮ አልቅሷል።

ቤቱ ሲገባ ልጁ ሃበን ከሆስፒታል ሥራዋ ተመልሳ ራት ትበላለች። ነገራት።

«ዳድ፣ ጀስት ንገረው» አለችው። «እኛ ጋ ዶክተሩ በዚያው ሰዓት ነው ፋሚሊውን የሚነግረው።»

«እኛ ዶክተር አይደለንም።»

«ፍሬንዱ ነህ አይደል?»

ያቀረበችለትን ምግብ ከፊቱ ገፋ አደረገው። እሷ ትክክል እንደሆነች ያውቃል። ግን እሱ የኤርትራ ሰው ነው፤ የሟች ወገን አይደለም። የሌላውን ቤት መርዶ አፉን ከፍቶ ቢያፈነዳ፣ ጣሰውም በድንጋጤ አንድ ነገር ቢሆን፣ ኦሮራ ውስጥ ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ምግብ ቤቶቹ ድረስ ስሙ ይነሣል። ለራሱ ግን የሚለው ሌላ ነበር፤ ለጣሰው ጤና ነው ይላል።

ማክሰኞ ከሰዓት መለማመጃው ሜዳ ላይ ተገናኙ። ጣሰው ነጭ ኮፍያ ገዝቶ አድርጎ መጥቷል።

«እንዴት ነው? ሴናተር አልመስልም?»

«ትመስላለህ» አለ ሓየሎም። ከዚያ ኳሱን እያየ፣ «ስማ፣ ጣሰው። ወገቤን አሞኛል። መኪና ውስጥ ያን ያህል መንገድ መቀመጥ አልችልም» አለው።

«እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከኋላ ተጋደም።»

«አይሆንም። ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው።»

«የሚቀጥለው ሳምንት ፍልሰታ ነው።»

«እንግዲያው ለዓመት።»

ጣሰው ዱላውን መሬት ላይ ተከለና አየው።

«ትናንት አየር ማረፊያው ላይ የመንገደኛ ሻንጣ ተሸክመህ ስትሯሯጥ አየሁህ እኮ» አለ ጣሰው። «ወገብህ ደህና ነበር።»

«ማታ ነው የጀመረኝ።»

«እንቁም ከትናንት ጀምራ ቅር ቅር ትላለች፤ እዚህ ብታርፍ ትለኛለች። ጋሽ መኮንን ሳይቀሩ ደውለው፣ በእርጅና ምን የጎልፍ ሩጫ ነው አሉኝ። ምን አደረግኋችሁ? የሁላችሁንም ሰርግ በላሁ፤ የሁላችሁንም ለቅሶ ተቀመጥኩ። አንድ ሳምንት ለራሴ ብል ከተማው በሙሉ አመመው?»

ሓየሎም አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ወደ ጣሰው አዲስ ኮፍያ አየና ዋጠው።

«ወገቤ ነው አልኩህ» አለ።

«ድሮስ ከእናንተ ጋር ቃል ምን ያደርጋል?» አለ ጣሰው ቀስ ብሎ። «ሲመቻችሁ አብራችሁ፣ ሲያሻችሁ ተገንጥላችሁ።»

በነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር በመካከላቸው ተነግሮ አያውቅም። ጣሰው ራሱ የደነገጠ መሰለ፤ ነገር ግን አልመለሰውም። ዱላዎቹን ሰብስቦ ወደ መኪናው ሄደ። ሓየሎም ሊከተለው አንድ እግሩን አነሣ፤ ቢከተለው እንደሚነግረው ስላወቀ ቆመ።

ጣሰው ሐሙስን አልጠበቀም። ረቡዕ ንጋት ላይ በራሱ መኪና ተነሣ። እንቁ በር ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እሱ ስለ መሄዱ የምታለቅስ መስሎት፣ «ጦር ሜዳ የምሄድ አስመሰልሽው እኮ» ብሎ ሳማት። እሷ ለሓየሎም ስትደውል ጣሰው ነብራስካ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገር የሚቻልበት ሰዓት ጠፋ። መሪ ለያዘ ሰው አይነገርም። ሲደርስም ብቻውን ነው፤ ማንም በማያውቀው የጥድ ጫካ ውስጥ ደም ግፊቱ ቢነሣበትስ? ጋሽ መኮንን፣ «እንግዲህ ሲመለስ» አሉ። ሌላውም እፎይ አለ።

ዓርብ ጣሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶ አወጣ። ነጩን ኮፍያ አድርጎ፣ ዱላውን እንደ ነፍጥ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሰማያዊውን ሐይቅ ከኋላው አድርጎ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ከሥሩ፣ «ብቻዬንም ቢሆን መጣሁ» ብሏል። ያን ፎቶ ደሴ፣ ለቅሶው ቤት ውስጥ ተቀባብለው አዩት። ታላቅ ወንድሙ ለእንቁ ደውሎ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አላት።

እንቁ ለሓየሎም ደወለች። «ፎቶው ላይ ማንም ምንም አላለም። ሁሉ ዝም ሲለው ይጠረጥራል። እባክህ አንተ አንድ ነገር ጻፍለት።»

«ተጣልተን የለም እንዴ?»

«ለዚያ እኮ ነው። ካንተ ከመጣ ደስ ይለዋል።»

ሓየሎም ፎቶውን ከፈተ። ከሥሩ «አምሮብሃል» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ጣሰው የልብ ምልክት ላከለት።

ጣሰው ሰኞ ተመለሰ፤ ማክሰኞ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። የሥራ ቀን ነው። ቢሆንም ቤቱ ሞላ፤ ደረጃው ሞላ፤ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆመ። በማክሰኞም ሰው ከሥራ መቅረት ይችል ነበር። የተጠበቀው ኪሩቤል ግን የለም፤ እሑድ ወደ ሥራው ተመልሷል። ጣሰው በሩን ሲከፍት ጋሽ መኮንንን አየ፤ ከኋላቸው ሓየሎምን አየ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ጮኸ።

ሓየሎም ሦስቱን ቀን ወንበር ሲያመላልስ፣ ውኃ ሲያቀርብ ዋለ። በሠልስቱ ሰው ሲቀልል ጣሰው በእጁ ጠራውና አጠገቡ አስቀመጠው።

«ማክሰኞ ዕለት፣ ሜዳው ላይ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ወገብህስ?»

«ምንም አልነበረውም።»

ጣሰው ራሱን ነቀነቀ። «መንገዱን ሙሉ ያልኩህ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ነብራስካ ላይ ቆሜ ይቅርታ ልልህ ስልክ አነሣሁ፤ አፍሬ ተውኩት።»

«ያ አለፈ።»

«አላለፈም። ቆይ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ፎቶውን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። «ይህን ቃልህን ያየሁ ዕለት ተኛሁ። ሓየሎም ታርቆኛል ብዬ እፎይ ብዬ ተኛሁ።»

«ሁሉም ለአንተ ብለው ነው፣ ጣሰው። ጤናህን ፈርተው—»

«ሁሉም እሺ። እነሱ አያውቁትም፤ እንዲህ ነው ልማዱ። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ደርሶብሃል።» ጣቱን ከፎቶው ሥር ካለችው ቃል ላይ አሳረፈ። «እህቴ አፈር ውስጥ፣ እኔ ጥርሴን ገልጬ። አምሮብሃል አልከኝ። መናገር ካቃተህ ዝም አትለኝም ነበር?»

ሓየሎም እንቁ ናት ያስጻፈችኝ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ጋሽ መኮንን ከወዲያ ማዶ ጠሩት፤ ተነሥቶ ወንበሮቹን ማጠፍ ያዘ።

አልተጣሉም። ሰው ቢጠይቃቸው ሁለቱም ጓደኛሞች ነን ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ ይጠያየቃሉ። ሓየሎም፣ «ቤት ሁሉም ደህና ነው?» ይለዋል። ጣሰው መልሶ ይጠይቀዋል፤ ሓየሎምም፣ «ደህና፣ ሁሉም ደህና ነው» ሲለው፣ ጣሰው እጁን እንደያዘ ፊቱን ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ቃሉ እንዳልበቃው ሁሉ አጠገቡ ወደ ቆመችው እንቁ ዞር ብሎ፣ ያንኑ ጥያቄ እሷን እንደገና ይጠይቃታል።