ውርጭ የቆለፈው የሙሽራ መኪና

ዛሬ ጠዋት ሙሽራችን ነጭ በነጭ ለብሶ ከመኪና በር ጋር ሲታገል አይቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ!

ሚዜ መሆኔን ረስቼው ነው።

ከደብረ ታቦር በኪራይ ያስመጣነው መኪና ደጅ አድሮ፣ የበሩ ቁልፍ በውርጭ ደርቆ አልከፈት አለ። ሾፌሩ ቢጎትት፣ ቢመታ፣ ወይ ፍንክች! አማቱ ቀኛዝማች ደግሞ «ከቀትር ያለፈ ሙሽራ ልጄን አያይም» ብለዋል። የሙሽሪት አገር አርብ ገበያ ደግሞ ቅርብ አይደለም።

«በቅሎ ብንይዝ ኖሮ በር የላት፣ ቁልፍ የላት!» አልሁት ሙሽራውን።

«አንተ፣ አፍህን ዝጋ!» አለኝ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ይኼኔ አያ ደሴ መጡ። መኪና አገኘን ብለን ትናንት በቅሏቸውን አንፈልግም ያልናቸው ሰው ናቸው። መክፈቻውን ተቀብለው የድግሱ ወጥ በተጣደበት ምድጃ አሞቁና ቀዳዳው ውስጥ ከተው ያዙት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ!

«እንዴት አወቁ?» አልናቸው።

«ጠዋት ልጓሙን ሳላሞቅ በበቅሎዬ አፍ አልከትም። ብረት ያው ብረት ነው፣ ልጄ።»

ሙሽራው ጉልበታቸውን ስሞ ከፊት አስቀመጣቸው። ቀትር ሳይሞላ ደረስን። እኔም ከኋላ ተጠቅጥቄ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘግቼ ሄድሁ።

እናንተስ፣ አንፈልግም ያላችሁት ሰው ደርሶላችሁ ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ።