የከራ ጉባ ድንጋይ

ከሚሴ ላይ «መሊካ አበደች» የተባለው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ባሏን ጀሚልን ራሷ «ፍታኝ» ያለችው ጊዜ፤ ኋላ ደግሞ ብቻዋን ተራራ መውጣት የጀመረች ጊዜ።

ጀሚል ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታትም፣ አላስራባትም። ግን በር ላይ ቆማ ወደ ውጭ ስታይ እንኳ «ምን ታያለሽ?» የሚል ሰው ነበር። ገበያ ስትወጣ ይከተላታል። እናቷን ልትጠይቅ ስትል «ነገ» ይላታል፤ ነገ ሲደርስ «ከነገ ወዲያ» ይላል። እናቷ በዚያው ነገ ውስጥ ሞተችባት። ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ መሊካ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ሄደችና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«ጀሚል፣ ፍታኝ።»

«አውዙ ቢላህ! ዛሬ? በዚህ ቀን?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ነገ ነገ ሲባል ነው እናቴን ሳላያት የቀረሁት። ዛሬ ይፍታኝ።»

ታላቅ ወንድሟ አብዱልጀባር ያን ቀን ከሀፍረቱ ብዛት ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው። እህል ነጋዴ ነው፤ ከሚሴም ጨፋ ሮቢትም ቃሉ የሚሰማ፣ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚጠራ ሰው። እህቱን ግን አልጨከነባትም፤ ቤቱ አስገባት። «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። አርፎ መቀመጥ ለመሊካ አልተፈጠረላትም። የእናቷን የስፌት መኪና አስጠግና አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠችና የሴቶች ቀሚስ መስፋት ጀመረች። እጇ ቀና ነበርና ደንበኛ አላጣችም።

ሁለተኛው እብደት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እናቷ የተወለደችው የጨፋ ሸለቆ አልቆ ተራራው በሚጀምርበት መንደር ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ከራ ጉባ የሚሉት የፈረሰ የድንጋይ ከተማ አለ። በኦሮምኛ «የላይኛው በር» ማለት ነው። በድሮ ሱልጣኖች ዘመን የተሠራ ነው ይባላል፤ ማን እንደሠራው፣ ለምን ባዶ እንደቀረ ግን አስረግጦ የሚናገር የለም። ጅን አለበት ስለሚባል የሚወጣበትም ሰው አልነበረም። እናቷ በልጅነቷ እስከ በሩ ደርሳ፣ ውስጡን ሳታይ ፈርታ ተመልሳ ነበር። እስክትሞት ድረስ «ይኸ ይቆጨኛል» ትል ነበር።

አንድ ቀን ገበያ በሌለበት፣ መሊካ የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ በፌስታል ቆሎ ቋጥራ፣ በመኪና እስከ መንደሩ ሄደች። ከዚያ በእግሯ ቀጠለች። በዳገቱ መጀመሪያ፣ በመጨረሻው ቤት ደጃፍ፣ ሙሚና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ማሽላ ታሰጣለች።

«አከም ጅርታ?» ብላ ሰላም አለቻት መሊካ።

«ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ። ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነሽ እህቴ? ከዚህ በላይ እኮ ሰው የለም።»

«ሰው አልፈለግሁም። ከራ ጉባን ለማየት ነው።»

ሙሚና ማሽላውን ትታ ቀና አለች። «ብቻሽን? ጅኑስ?»

«ከሰው የከፋ አይሆንም» አለችና አለፈች። ጥቂት እንደወጣች ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ሙሚና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየተከተለቻት ነው። «አንቺን ጅን ቢወስድሽ መጨረሻ ያየኋት እኔ ነኝ ተብዬ እጠየቃለሁ» አለች እያለከለከች።

በሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ግንቡ ያለ ጭቃ ያለ ስሚንቶ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ተገጣጥሞ የቆመ ነው። ከበሩ ወዲያ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ በቤቶቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል። የአንዱ ቤት ጣሪያ ለበላዩ ቤት ደጅ ነው። ጣሪያው ብዙው ወድቋል፤ የጽድ ወጋግራው ግን አንዳንድ ቦታ ጠቁሮ እንደቆመ ነው። ከአለት የተፈለፈለ የውሃ ጉድጓድ አገኙ። አነስተኛ መስጊድ አገኙ፤ ግድግዳዋ ለግማሽ ፈርሶ የኢማሙ መቆሚያ ሚህራቧ ሳትነካ ቀርታለች። መሊካ እዚያው ሁለት ረከዓ ሰገደችና ለእናቷ ዱዓ አደረገች።

ከዚያ እስከ ጫፉ ወጡ። ከታች የቦርከና ወንዝ ፀሐይ እየመታው ይብለጨለጫል፤ የጨፋ ማሽላና በቆሎ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ በምሥራቅ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። መሊካ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ አየች። ካገባች ወዲህ ማንም ሳይጠይቃት እስክትጠግብ ያየችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ወር አልፎ ወር ሲመጣ በሰንበቴ ከተማ በኩል ያሉትን አሮጌ መንደሮች ማሰስ ያዘች። አንዳንዱ ባዶ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ ከነዋሪ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እየተቀመጠች የሰፈራቸውን ወሬ ትሰማለች። ለወሬው የከሚሴ ሰው አልሰነፈም። ወርቅ ቆፋሪ ናት ተባለ፤ ከጅን ጋር ተዋውላለች ተባለ፤ ከዚያም የባሰ ተባለ።

«ሰው ምን ይላል?» አላት አብዱልጀባር አንድ ቀን እራት ላይ።

«ያለውን ብሏል ወንድሜ። የቀረው ካለም ይጨምር።»

ሚስቱ ኢማን ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች።

ነገሩ የከረረው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። የዳገቱ ሥር መንደር ልጆች ዛፍ ሥር ነበር የሚማሩት። ለትምህርት ቤት መሥሪያ መንግሥት ቆርቆሮና ስሚንቶ ሊያቀርብ፣ ሕዝቡ ደግሞ ድንጋይና ጉልበት ሊያዋጣ ተስማሙና ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አብዱልጀባር ሆነ። ድንጋይ ከየት ይምጣ ሲባል አንዱ «ተጠርቦ የተቀመጠ ድንጋይ እያለልን ምን ያለፋናል?» አለ። ከራ ጉባን ማፍረስ ተወሰነ።

ወሬውን ከሚሴ ድረስ መጥታ የነገረቻት ሙሚና ናት። መሊካ የጀመረችውን ቀሚስ ከነመርፌው ጥላ ተነሳች። ሲደርሱ አንዱ የግንቡ ጎን ወርዷል። ድንጋዩ እየተንከባለለ ቁጥቋጦውን ደፍጥጦታል። ግንበኛው አብዶ ድጅኖውን ይዞ ወደ በሩ ዞሯል፤ ወንዶቹ ከኋላው አሉ። መሊካ በመሀላቸው አልፋ በሩ ውስጥ ቁጭ አለች፤ ጀርባዋን ባንደኛው መቃን፣ እግሯን በሌላኛው አድርጋ።

አብዶ ድጅኖውን መሬት ተከለ። «እህቴ ተነሽ፣ ሥራ አታስፈቺን።»

«አልነሳም።»

አብዱልጀባር ተጠርቶ መጣ። ዳገቱ አድክሞት ፊቱ በላብ ርሷል። ሕዝብ ፊት ነውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። «መሊካ፣ ተነሽ። አታዋርጅኝ።»

«አንተን ማን አዋረደህ? ግንቡ ነው የተዋረደው።»

«ልጆቹ ዛፍ ሥር ነው የሚማሩት! ዝናብ ሲመጣ ደብተራቸውን ልብሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ይበተናሉ። አንቺ ለሞተ ሰው ድንጋይ ትከራከሪያለሽ። ልጅ የለሽምና አይገባሽም!»

 ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ እሱ ራሱ የደነገጠ ይመስል ነበር። መሊካ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።

«ልጅ የለኝም፣ እውነትህን ነው። ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው አያቶቻችሁ እነማን ናቸው ሲባሉ ምን ያሳዩ? የፈረሰ ጉብታ? ቦርከና ዳር ድንጋይ ሞልቷል። እሱን ውሰዱ።»

«የወንዝ ድንጋይ ክብ ነው» አለ አብዶ፤ «አይገጥምም፣ መጠረብ አለበት።»

«ጥረበዋ! ግንበኛ አይደለህም?»

ከወንዶቹ መሀል አንዳንዱ ሳቀ። አብዶም ሳይወድ ፈገግ አለ። አብዱልጀባር ግን አልሳቀም። «ማን ያጓጉዘዋል? ወንዶቹ አጨዳ ላይ ናቸው። ለዚህ እንኳ የመጡት ሥራ ፈትተው ነው።»

«እኔ አጓጉዘዋለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔና የሚከተለኝ።»

አብዱልጀባር ወደ ወንዶቹ ዞረ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ክረምቱ ሳይገባ ለመሠረትና ለግድግዳው የሚበቃ ድንጋይ ከመንደሩ ካልተከመረ፣ ግንቡ ይወርዳል፤ እሷም ያን ቀን በሩ ላይ አትቀመጥም። «ወላሂ በይ» አላት። «ወላሂ» አለች።

በማግሥቱ ከወንድሟ ቤት ልብሷንና የስፌት መኪናዋን ይዛ ወጣች። ማንም አላባረራትም፤ ከተቃዋሚዬ ማዕድ አልቀርብም ብላ ነው። ሙሚና ቤት ገባች።

መጀመሪያ የሚያጓጉዙት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ መሊካ፣ ሙሚናና የሙሚና አህያ። ጠዋት ድንጋይ፣ ከሰዓት ስፌት። የወንዙ ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ጣት ይጨፈልቃል። የመሊካ ጥፍር ጠቆረና ወደቀ፤ መርፌ መያዝ ሲያቅታት ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሰፋች። አንድ ቀን ሙሚና ሸክሟን ወርውራ መንገድ ላይ ቁጭ አለች። «ይፍረስ! ደከመኝ! የኔም የልጅ ልጆች እኮ ዛፍ ሥር ናቸው፤ ለምን እለፋለሁ?» ብላ አለቀሰች።  መሊካ የወደቀውን ድንጋይ አንስታ ከራሷ ሸክም ላይ ደርባ ሄደች። ሙሚና ማታ ላይ ወደ ቤት ተመለሰች፤ በማግሥቱ ጠዋትም አህያዋን እየነዳች ወንዝ ወረደች።

ነገሩን የለወጠው የወንዶቹ አፍ ነው። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ አንዱ የኮሚቴ አባል «ሴት የጀመረችው ግንብ እንደ ሴት ሀሜት ነው፤ መጨረሻ የለውም» ብሎ አሳቀ። ቀልዱ እህል ሊሸጡ የመጡት ሴቶች ጆሮ ገባ። በማግሥቱ ጠዋት መሊካ ወንዝ ስትወርድ ሴቶች ቀድመዋት ቆመዋል፤ እናቶች፣ ኮረዶች፣ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት እንኳ። አሮጊቷ መሸከም ባይችሉም «ይኸ ጠፍጣፋ ነው፣ ይኸ ክብ ነው» እያሉ ያስመርጣሉ። ስለ ከራ ጉባ ብለው የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ የመጡት በእልህ ነው። መሊካም አልጠየቀች። እልህም ቢሆን ድንጋይ ይሸከማል።

ከነሱ መሀል ፊቷን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና የምትመጣ፣ የማታወራ አንዲት ሴት ነበረች። መሊካ ባረማመዷ ለየቻት፤ የወንድሟ ሚስት ኢማን ነበረች።  እንዳላወቀቻት ሆና ሸክሟን አቀበለቻት።

ሰማዩ ሳይጠቁር ክምሩ ሞላ። አብዶ እያጉረመረመ ጠረበ፤ እየጠረበም እየወደደው ሄደ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሲቆም ልክ እንደ ሌላው ግድግዳ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ የማያየው፣ ጥሩ ግድግዳ።

የምረቃው ዕለት ድንኳን ተጣለ፣ ፍየል ታረደ። ባለሥልጣን መጥቶ ንግግር አደረገ። ቀጥሎ አብዱልጀባር ተነስቶ የኮሚቴውን አባላት በየስማቸው አመሰገነ፤ ስሚንቶ ያመጣውን ሾፌር አመሰገነ፤ ቆርቆሮ ያወረዱትን አመሰገነ። ሊቀመጥ ሲል መሊካ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም፤ አላስፈለጋትም።

«ድንጋዩ ከወንዝ በእግሩ አልመጣም» አለች። «ሙሚና። አስያ። ረቢአ። ፋይዛ።» ስም እየጠራች ቀጠለች። የተጠራችው ሁሉ መጀመሪያ አቀረቀረች፤ ኋላ ቀና አለች። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን አየ። አንድ ሽማግሌ «በቃ ልጄ፣ ገባን» አሉ። አላቆመችም። አሮጊቷንም ከነምርኩዛቸው ጠርታ ጨረሰችና ተቀመጠች።

አብዱልጀባር ገና እንደቆመ ነበር። 

«ኢማንን ረሳሽ» አላት።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ኢማን ዞረ። ኢማን አልተሸፋፈነችም ነበር።

«አልረሳኋትም» አለች መሊካ። «እሷን አንተ ጥራት ብዬ ነው።»

በሩ ዛሬም ቆሟል። የፈረሰው ጎን ግን እንደፈረሰ ነው፤ መልሰን እንገንባው ያሉትን መሊካ እሺ አላለቻቸውም፤ ማን እንዳፈረሰው ይታይ ብላ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ከመምህሮቻቸው ጋር ይወጣሉ፤ ሙሚና ከደጃፏ ሆና «ጎንበስ ብላችሁ ግቡ!» እያለች ትጮኽባቸዋለች። ወንድምና እህት ታርቀዋል፤ በዒድ ይጠያየቃሉ፤ ያን ቀን በሩ ላይ ስለተናገራት ነገር ግን ይቅርታ አልጠየቃትም። ዳገቱንም ከዚያ ወዲህ አልወጣም። እሷም ና አላለችውም።