በግቢዬ «እንዴት ሞተ?» አይባልም

የልጄ ባል የሞተው ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ ሲወርድ አይሱዙው ተገልብጦበት ነው። ልጄ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፤ ክንዷ ተሰብሮ ተረፈች። ይኼን አንድ ጊዜ ተናገርኩ። ከዚህ በላይ ልስማ የሚል አንባቢ ካለ ከዘመዶቼ አይሻልም።

የዘመዶቼን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ድንኳን ገብቶ፣ አልቅሶ፣ ዓይኑን ጠርጎ እንደተቀመጠ «እንዴት ሆነ?» ይላል። ካልጠየቀ ሐዘንተኛውን እንደናቀ ይቆጠርበታል። ጠዋት ከግምጃ ቤት የመጣው ይጠይቃል፣ ልጄ ትናገራለች። እሱ ሳይነሣ ከጫግኒ የመጡት ይገባሉ፤ «እስቲ ንገሪን፣ ያኔ ነፍሱ አልወጣችም ነበር?» ይላሉ፣ እንደገና ትናገራለች። አንዷማ አጋማሽ ላይ ስለደረሰች «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለቻት። ንፍሮ እየቆረጠሙ ነበር የሚሰሟት።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ጠያቂው አልቆመም። ልጄ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ግድግዳ ሥር መኮራመት ጀመረች። እንቅልፍ ራቃት፣ እህል አልወርድ አላት። የዘመዶቼ መድኃኒት ምን ነበር? «ሐዘኑ ስላልወጣላት ነው፣ ደጋግማ ትናገረው።» የእድራችን ዳኛ፣ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ለሰማንያው ተዝካር ሰው በተሰበሰበበት ቆማ እንድትናገር ወሰነ። እኔን አባቷን ሳይጠይቅ ወሰነ።

እኔ ማንም የሚወስንልኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል ያለ አስተማሪ የለየሁ፣ ራዲዮ ፈታትቼ መግጠም በገዛ ራሴ የተማርኩ፣ ከዳንግላ ድረስ ሥራ የሚመጣልኝ ሰው ነኝ። ኢንጅባራ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አለች ሲሉኝ ይዣት ሄድኩ። መኪና ላይ ስለማትወጣ የሄድነው በእግር ነው።

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ሰላም ካለችን በኋላ ልጄን «የት መቀመጥ ይመችሻል?» አለቻት። ልጄ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠች።

«በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል?»

«ገርበብ ይበል።»

«ስለዚያ ቀን ዛሬ አልጠይቅሽም» አለቻት። «መናገር ስትፈልጊ አንቺው ትነግሪኛለሽ። ባትፈልጊም ሕክምናሽ አይቀርም።»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው ወንበር ልንመርጥ ነው? «አንቺ ካልጠየቅሻት እኔ እነግርሻለሁ» ብዬ ጀመርኩ። አይሱዙው ቁልቁለቱን የያዘበት ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅዎን ይዩዋት» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

አየኋት። እጇ ወንበሩን ጨምድዷል። ዓይኗ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ባለሙያዋ እግሯን መሬቱ ላይ ጫን እንድታደርግና በክፍሉ ውስጥ የሚታያትን እንድትጠራ ነገረቻት። «በፈለግሽው ቋንቋ» አለቻት። ልጄ በአገውኛ ጀመረች፤ መስኮቱን፣ የውሃውን ጀሪካን፣ የእኔን ከዘራ። ባለሙያዋ አገውኛ አትሰማም፣ ግን ሳትቸኩል ጠበቀቻት። ከዘራዬ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተመለሰ።

ሌላው ሰው ለመረዳት ዓመት የሚፈጅበት ነገር ለእኔ በዚያች ቁጭታ ገባኝ፤ ይኼን ለመናገር አላፍርም። ብሎን በየቀኑ ከተፈታና ከታሰረ ጥርሱ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይይዝም። ዘመዶቼ ልጄን እንዲያ ነበር የሚፈቷት። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ተዝካሩ ደጋግመን ተመላለስን፤ እሷን እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፣ የእኔ ንዴት ግን ባሰበት።

የተዝካሩ ዕለት ከዘራዬን ይዤ የግቢዬ በር ላይ ቆምኩ። ለመጣው ሁሉ «ግባ፣ ብላ፣ ጠጣ። ልጄን ግን እንዴት ሞተ ብለህ አትጠይቃትም» አልኩ። ዳኛው ደረሰ።

«ምን ነካህ አንተ? ራዲዮ መጠገኑን ትተህ ሰው መጠገን ጀመርክ?»

«ጀመርኩ። አንተ የምታበላሸውን።»

«የአባቶቻችንን ወግ ልትሽር ነው?»

«ወጉን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። ልጄን ሲበላት ቆሜ አይቻለሁ፣ ዛሬ ግን አላይም።»

«እና የሟች አክስት ከግምጃ ቤት ድረስ መጥታ ምን ሰምታ ትመለስ?»

«ጠላው ጥሩ ወጥቷል። እሱን ጠጥታ ትመለስ።»

ከኋላው የቆሙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። አክስትየዋ ግን እኛ ስንነታረክ በጓሮ በኩል ገብታ ኖሯል። ዞር ስል የልጄን ጉልበት ይዛ ከፊቷ ተቀምጣለች።

«እኔ ለቀብሩ አልደረስኩም ልጄ። በሞቴ ንገሪኝ፣ እንዴት ሆነ?»

ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊሰማ አንገቱን አሰገገ። የልጄ እጅ አግዳሚውን ሲጨመድድ አየሁና ከዘራዬን አንሥቼ ገሰገስኩ። ልደርስ ስል እግሯን መሬቱ ላይ ጫን ስታደርግ አየሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምሰሶውን ጠራች፣ እንስራውን ጠራች፣ ከዘራዬን ጠራች።

«እትዬ፣ ዛሬ አልናገርም» አለች። «የቻልኩ ቀን እኔው ግምጃ ቤት ድረስ መጥቼ እነግርዎታለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ከዘራውን ያውርዱት። ይቀመጡ።»

አክስትየዋ ጉልበቷን ለቀቀች። «እሺ፣ የቻልሽ ቀን» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ዳኛው እህል ሳይቀምስ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በየጠላ ቤቱ ወግ አፍራሽ እያለ ስሜን ሲያነሣ ከረመ።

በኋላ ሚስቱ ሞተችበት። ሄድኩ። ከጎኑ ተቀምጬ የመጣው ሁሉ ሲጠይቀው ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ በሙሉ ድምፁ ነበር የሚናገረው፤ ከሰዓት በኋላ ድምፁ አልወጣ አለው።

«እህል ቀምሰሃል?» አልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። ቀጥሎ የገባው ሰው ዓይኑን ጠርጎ «እንዴት ሆነች?» ሲል ግን ዞሮ አየኝ።

ተነሥቼ ከዘራዬን ይዤ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። ይቅር ብዬው አይደለም። ከእኔ በቀር የሚያውቅበት ሰው ስላልነበረ ነው።