ከብየዳው አንድ ጣት አልፎ

ሙጫ የተሰበረውን ጆሮ ዕቃ ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ወገቡን ይዞ ቆሞ ያየዋል። ጆሮ ሲባል የሰው አይደለም። በእህቱ ባለ ሸራ ጀልባ ምሰሶ ላይ፣ ወደ ጫፉ አካባቢ የሚታሰር መዳፍ የሚያክል የአሉሚኒየም መያዣ ነው። ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚያቆሙት የሽቦ ገመዶች የሚታሰሩት በእሱ ነው። እሱ ከተሰበረ ሽቦው ይረግባል፤ ሽቦው ከረገበ ምሰሶው ይወድቃል፤ ምሰሶው ሲወድቅ ከሥሩ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ አምላክ ይድረስለት።

ሙጫን ግራ ያጋባው መሰበሩ አይደለም። ዕቃ ነው፣ ይሰበራል፤ ባይሰበርማ እሱ ምን በልቶ ያድር ነበር? ግራ ያጋባው የተሰበረበት ቦታ ነው። የበየደው ቦታ ንቅንቅ አላለም። የተሰበረው ከብየዳው አንድ ጣት አልፎ፣ እጁ ባልነካው፣ ደህና በነበረው በኩል ነው። ባለፈውም እንዲሁ ነበር።

«እኔ የያዝኩት ይዟል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የለቀቀው ያልያዝኩት ነው።»

ነገሩን ጮክ ብሎ ሲሰማው ትክክል መሰለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም አልመሰለውም።

ሙጫ ብለው ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዴ ያገናኘው አይለያይም ለማለት። የአልጋ እግር፣ የበር ማጠፊያ፣ የጋሪ ዘንግ፣ አንዴም የጎረቤት የዊልቸር ጎማ፤ ከእሱ እጅ ወጥቶ ተመልሶ የመጣ ዕቃ የለም። ሌላው ሰው ቅጽል ስሙን ሲሰማ ይከፋው ይሆናል፤ እሱ ግን በመንገድ ላይ «ሙጫ!» ሲባል ትከሻው ከፍ፣ አንገቱ ቀና ይላል። ሃምሳ ዓመት አልፎት እንኳ ይህ አልለቀቀውም።

እናታቸው የሞተችው የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ነው። ያሳደገችው እህቱ ናት። እጁን ይዛ ብየዳ ቤት ያስገባችውም፣ የመጀመሪያውን የብየዳ መነጽር የገዛችለትም እሷ። እስከ ዛሬ «እትዬ» ይላታል። እሷም ሽበቱን እያየች «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ባሏ ሲሞት ጀልባውን ሽጪ ያላት ሰው ብዙ ነበር፤ እሷ ግን መቅዘፊያውን ጨበጠች፣ ሸራውን ዘረጋች፣ ሰው ከዳር ወደ ዳር ማሻገሩን ቀጠለች። መንገደኞቿ እማማ ሸራ ይሏታል። ሞተር ግጠሚበት ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ሞተር አንዴ ካኮረፈ ለምነኸውም አይታረቅ። ንፋስ ግን ቢያኮርፍም ዞሮ ይመጣል።»

ጆሮው መጀመሪያ የተሰነጠቀ ጊዜ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠችለት። አሉሚኒየም በይዶ አያውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ነገ ነይ» አላት።

ብረት ግልጽ ነው። ሲሞቅ ይቀላል፣ ሲብስበት ይነጣል፣ ከዚያ ነው የሚቀልጠው፤ ሳይሰናበት አይሄድም። አሉሚኒየም ግን ድብቅ ነው። ፊቱ ሳይለወጥ እሳቱን ሲጠጣ ቆይቶ ድንገት ዝርግፍ ይላል። ሙጫ በቁራጭ ሲሞክር መጀመሪያ ያተረፈው ቀልጦ ጫማው ላይ የፈሰሰውን ነው። በኋላ ዘዴውን አገኘ፤ የልብስ ሳሙና ይቀባዋል፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት በየደው። በሞረድ አለሰለሰው። እትዬ አገላብጣ አየችና «እጅህ ይባረክ» ብላ ሄደች።

ተሰበረ። ከብየዳው አጠገብ።

በብረት ሕግ የሳሳ ነገር ይወፍራል። ሙጫም ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና በላዩ ላይ ደረበበት፣ ከጀርባው ሌላ ቁራጭ አክሎ ዙሪያውን በየደው። ጆሮው እንደ ዳቦ አበጠ። እሱም ተሰበረ። ደግሞም ከብየዳው አጠገብ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፉም ምግቡም የወትሮው አልሆነም። ቤት ገብቶ ሻዩን ስኳር ሳያደርግበት ለረጅም ጊዜ አማሰለ። ተነስቶ አልጋው ሥር ተንበረከከና ራሱ የበየደውን የአልጋ እግር ይነቀንቅ ጀመር።

«ምን አደረገህ አልጋው?» አለች ሚስቱ።

«ምንም።»

«ታዲያ ተወው። እኔ እተኛበታለሁ።»

ነገሩን አጫወታት። እሷም ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘች፤ «እህትህ ናት! በዚያ ሁሉ ንፋስ መውጣት ምን ይሉታል? ዕድሜዋን አታውቅም እንዴ?» ሙጫ እህቱ ስትነካ አይወድም፣ ግን ለአፍታ ጥፋቱ የእሷ ቢሆን ደስ ባለው ነበር። ይህን በማሰቡ አፈረ።

በማግስቱ ጆሮውን ኪሱ ከቶ ጎረቤቱ መስኮት ሠሪ ዘንድ ሄደ። ይህ ሰው ከአሉሚኒየም ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ጆሮውን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ሰማው።

«እሳት ነው የገደለው» አለ። «አሉሚኒየም ጥንካሬው ፋብሪካ ውስጥ የተሰጠው ነው። በእሳት ስታሞቀው አጠገቡ ያለው ሁሉ ይልፈሰፈሳል። ባወፈርከው ቁጥር ብዙ እሳት አበላኸው።»

«እኔ እኮ እዚያ ጋ አልነካሁም!»

«አንተ አልነካህም። ሙቀቱ ነካ።»

ሙጫ ይህን ይዞ ሲመለስ ብስክሌት ጠጋኙ መንገድ ላይ አስቆመው። ጆሮውን ተቀብሎ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ነጭ ዱቄት በጣቱ ጠረገ።

«ምን እሳት ትለኛለህ? ብሎኑ ነው እንጂ! የማይዝግ ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር ውሃ ላይ ከተነካካ ይበላዋል። መሃላቸው ጎማ ካላስገባህ የወርቅ ብየዳ ብትበይድ ዋጋ የለውም።»

አንዱ እሳት ነው አለው፣ ሌላው ብሎን፣ ሚስቱ እህትህ። ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ውሸት ሊሆን ይችላል። ሙጫ ራሱ ዞረበት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የዕቃን ነገር አይቶ የሚለይ ሰው፣ ዛሬ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ፊት ቆሞ እንደ ተማሪ ይሟገታል። የሚያውቀው አልጠቅም አለው፤ የማያውቀውም ከየት እንደሚጀመር አላገኘም። እጁ ግን የለመደውን አልተወም። ሳሙና ቀባ፣ እሳት ለኮሰ፣ እንደገና በየደው። ሲጨርስ ጆሮው ያበራ ነበር። እንዲህ የሚያምር ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያላመነውም ነገር ሠርቶ አያውቅም።

እትዬ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ከሞርሳው ፈታችና አገላበጠችው። «እጅህ ይባረክ። ነገ ገበያ ነው።» ዘንቢሏ ውስጥ ከሽንኩርቱ ላይ አስቀመጠችው።

የነገው ጀልባ ታየው። ቅርጫት የታቀፉት ሴቶች፣ በዚህ ወር ልትወልድ የደረሰችው መምህርት፣ ከመሃል ምሰሶው። እትዬ ደጁን ልታልፍ ነው።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«እትዬ… እኔ… ይህ ነገር…» ወደ ዘንቢሉ ጠቆመ። «ይይዝ አይይዝ አላውቅም። ለምን እንደሚሰበር አላውቅም። ሦስቴ ሠራሁት፣ አንዱም አልገባኝም። ሰው እንዳትጭኚበት።»

እትዬ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። የጠበቀው ቁጣ ነበር፣ ወይም «ምነው ቀድመህ አትነግረኝም?» የሚል ወቀሳ። እሷ ፊት ላይ ግን የታየው ሌላ ነገር ነው፤ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስላል።

«አልጫንኩማ» አለች።

«ምን?»

«አንተ ከጠገንከው በኋላ ሰው ጭኜ አላውቅም። ሰዉን ለጎረቤት ጀልባ እሰጣለሁ። እኔ በሰው ፈንታ አሸዋ በጆንያ ሞልቼ፣ ብቻዬን እመላለሳለሁ። ሳምንት ከያዘ ነው ሰው የምጭነው። አልያዘም። ሁለቱም ጊዜ ምሰሶው የወደቀው አሸዋው ላይ ነው።»

ሙጫ ወደ እሷ ተጠጋ።

«እንደማይይዝ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም። ግን ስታስረክበኝ ዓይኔን አላየህም። ልጅ ሆነህም ሰሃን ሰብረህ እንዲሁ ነበርክ።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ሰው ዘንድ አልወሰድሽውም?»

«ወስጄ?» አለች እትዬ፣ እሷም በተራዋ ግራ ተጋብታ። «እህቱ ለሌላ ሰው ሰጠች እንዲሉህ? ሙጫ የሚሉህ ሰዎች ነገ ምን ይሉሃል? አሸዋ እንደሆነ አይሞት።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

ሙጫ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣ፣ ያልቅስ፣ ይሳቅ ጠፋው። ስሙን ሊያተርፍ ሲል እህቱን አደጋ ላይ ጣለ፤ እህቱም የእሱን ስም ልታተርፍ ስትል ራሷን። ማን ማንን እንደጠገነ አልለይ አለው። ምሰሶው ሲወድቅ የት ነበር የተቀመጠችው? ስንት ክንድ ራቃት? ሊጠይቃት ፈለገና አንዱ ጥያቄ ሌላውን ቀደመው፤ እስከ ዛሬ ጠይቋት የማያውቀው።

«እትዬ፣ ዋና ትችያለሽ አይደል?»

እትዬ ሳቀች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ አደረገች።

«ማን አስተምሮኝ? አንተን ሳሳድግ መቼ ጊዜ ነበረኝ?»

ሙጫ ተነሳና ዘንቢሉ ውስጥ እጁን ከትቶ ጆሮውን ከሽንኩርቱ መሃል አወጣ።

«ነገ የትም አትሄጂም» አላት። «አሁን ተነሺ። መስኮት ሠሪው ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እኔ እንዳልገባኝ አንቺ ፊት ልንገረው።»

እትዬን አዟት አያውቅም። እሷም ታዛ አታውቅም። ለአፍታ ተያዩ፤ ከዚያ ዘንቢሏን አነሳችና ከፊቱ ወጣች።